ብራውዘርዎ ውስጥ ያለው ሱቅ በደረቴ

ኮምፒውተርዎ ላይ ጉግል ክሮምን ይክፈቱና ከላይ በቀኝ በኩል ይመልከቱ። የፐዝል ቁራጭ የምትመስል ትንሽ ምልክት አለች። በየቀኑ እናያታለን፣ ልብ አንላትም። ኤክስቴንሽን የሚባሉት፣ ብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ የሚቀመጡት እዚያ ነው፤ ክሮምን በአማርኛ የሚጠቀሙ «ቅጥያ» ተብሎ ያገኙታል።

አዲስ ኩባንያ የጀመሩ ሰዎች ድረ-ገጽ መሥራት እየቻሉ ለምን ቅጥያ ይመርጣሉ? ሱቅ በደረቴውን ያስቡት። ባለሱቁ ዕቃውን ቢደረድርም ገዢው እስኪመጣ ይጠብቃል። ሱቅ በደረቴው ግን እርስዎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ሳለ ሶፍትና ማስቲካውን ይዞ አጠገብዎ ነው። ድረ-ገጽ ባለሱቁ ነው፣ ቅጥያ ሱቅ በደረቴው።

ግን ቅጥያ የሌላ ሰው ገጽ ላይ እንዴት ይገባል? እስቲ በእጅዎ ይሞክሩት። አንድ የዜና ገጽ ይክፈቱ። ርዕሱ ላይ በመዳፊቱ ቀኝ ቁልፍ ይጫኑና «ኢንስፔክት» የሚለውን ይምረጡ። በጎን በኩል የኮድ ጽሑፍ ይዘረገፋል፤ መሃሉ ላይ ርዕሱን ያገኙታል። ሁለቴ ጠቅ ያድርጉትና የልጅዎን ስም ጽፈው «ኢንተር» ይበሉ።

ልጅዎ ዜና ሆነች!

ሌላ አንባቢ ግን ምንም አላየም። ገጹን እንደገና ቢጭኑት የድሮው ርዕስ ይመለሳል። የለወጡት እርስዎ ጋ የደረሰውን ቅጂ ብቻ ነዋ። ከዳቦ ቤት የገዙትን ዳቦ ወደ ቤትዎ ወስደው ማር ቢቀቡት ጋጋሪው ምን አገባው? ቅጥያም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ገጹ በተከፈተ ቁጥር፣ ዓይንዎ ሳይርገበገብ፣ የራሱን ማር ይቀባል። የገጹን ባለቤት ፈቃድ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የእርስዎን ነው።

ሃኒ የተባለውን የአሜሪካ ቅጥያ እንይ። ራያን ሃድሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ለልጆቹ ፒዛ ሲያዝ የቅናሽ ኮድ ፈልጎ አጣ፤ የመጀመሪያውን ሙከራ የሠራው ያኔ ነው። የቅናሽ ኮድ የሚዘረዝሩ ድረ-ገጾች ሞልተው ነበር። ችግሩ ሰው ካርዱን አውጥቶ ሊከፍል ሲል ሌላ ገጽ ልክፈት ብሎ አለማሰቡ ነው። ሃኒ እዚያው መክፈያው ላይ ብቅ ብሎ ኮዶቹን አንድ በአንድ ይሞክርለታል። የክፍያ ኩባንያው ፔይፓል እ.ኤ.አ. በ2020 ጠቅልሎ ሲገዛው 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል። ለእኔ የዚህ ሁሉ ገንዘብ ምስጢር ኮዱ ሳይሆን ሰዓቱን ጠብቆ ሰውየው ጎን መገኘቱ ነው።

ግራመርሊም እንዲሁ። እንግሊዝኛዎን ለማሳረም ጽሑፉን ገልብጠው ድረ-ገጹ ላይ መለጠፍ ይችላሉ፤ ቅጥያው ግን ኢሜይል እየጻፉ ሳለ ስህተቱን እዚያው ያሰምርበታል።

ወጪውም ለጀማሪ አይከብድም። ክሮም መደብር ላይ ቅጥያ ለማውጣት የመመዝገቢያው ክፍያ 5 ዶላር ነው፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ገጹን፣ ሥዕሉን፣ ዕቃውን ሌላው አዘጋጅቶታል፤ ጀማሪዎቹ የሚጨምሩት አንዲት ቁልፍ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ይበሉልኝ። ቅጥያ ሲጭኑ «በሁሉም ድረ-ገጾች ላይ ያለዎትን ውሂብ ማንበብና መለወጥ» የሚል ፈቃድ ሊጠየቁ ይችላሉ። ቃሉ እንዳለ እውነት ነው። ርዕሱን የለወጠው እጅ የባንክ ገጽዎንም ሊያነብ ይችላል። ዛሬውኑ ያቺን የፐዝል ምልክት ጠቅ ያድርጉና የተደረደሩትን ይቁጠሩ። መቼ እንደጫኑት የማያስታውሱት ካለ ያስወግዱት፤ ለማያውቁት ሰው የቤት ቁልፍ አይሰጡም።

ኩባንያዎቹም የሚያጡት ነገር አለ። የብራውዘሩ ባለቤት ደንቡን ሲለውጥ አብረው መለወጥ አለባቸው፤ ቅጥያው የሚሠራበት ገጽ አቀማመጡን ሲቀይርም ማሩ ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል።

እኛ አገር ደግሞ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይጨመራል፦ ደንበኛው ኮምፒውተር አለው ወይ? ለብዙ ሰው ኢንተርኔት ማለት ስልክ ነው። ፋየርፎክስ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ቅጥያ ይቀበላል። ክሮምን ግን ስልክዎ ላይ ከፍተው ያቺን የፐዝል ምልክት ቢፈልጓት የለችም።