አሮጌውን ብዕር ከማደስ በፊት

በብዙ ሰው ቤት በሣጥን ወይም በመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የሚገኝ አንድ አሮጌ የቀለም ብዕር አይጠፋም። አባት ደብዳቤ የጻፉበት ወይም ውል የፈረሙበት ይሆናል። አልጽፍ ስላለ ብቻ እንደማይረባ ዕቃ ሊቈጠር አይገባውም። ነገር ግን ሳይመረምሩ የሚያድሱት ብዕር ተትቶ ከሚቀመጠው ይልቅ ፈጥኖ ይጠፋል። ለዚህም እጅግ የታወቀውን ፓርከር 51 ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን።

ይህ ብዕር በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ክፍል፣ በጄንስቪል ከተማ የነበረው ፋብሪካ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1941 ለገበያ ያቀረበው ነው። የወርቅ ጫፉ እንደ ቱቦ የተጠቀለለ ሲሆን በሽፋን ውስጥ ተከልሎ ይኖራል። ስለዚህ ከሌላ ዓይነት ብዕር የተነቀለ ጫፍ ምንም ቢያምር አይገጥመውም።

መለዋወጫ ከመፈለግ አስቀድሞ ብዕሩ ቀለም የሚስብበትን መንገድ መለየት ያስፈልጋል። እስከ 1948 ገደማ የተሠሩት ቫኩማቲክ ይባላሉ፤ ከቀፎው በስተኋላ ያለችው ትንሽ ክዳን ስትፈታ በጣት የሚጫኑት መግፊያ ይታያል። በውስጡ ያለው ስስ ጎማ በዘመን ብዛት ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ መለወጡ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ኤሮሜትሪክ ይባላሉ፤ ቀፎው ራሱ ሲፈታ በብረት የተሸፈነ የቀለም ከረጢት ይገኝባቸዋል። ይህ ከረጢት ከጎማ ሳይሆን ከፕላስቲክ የተሠራ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ዛሬ ደኅና ነው፤ ያለ ምክንያት አትንኩት።

ቀጥሎ መጠኑን ለኩ። ደሚ የተባለው አነስተኛ 51 ክዳኑ ለትልቁ አይሆንም። መልክም አያታልላችሁ፤ በ1948 የወጣው ፓርከር 21 ጫፉ እንደዚሁ የተከለለ ስለ ሆነ ወንድም ይመስላል፤ ነገር ግን ጫፉ የወርቅ አይደለም፣ ፕላስቲኩም በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ ዕቃውም ለ51 አይገጥምም።

ብዙ ጊዜ የብዕሩ ሕመም የደረቀ ቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ውሃ ነው። ጫፉን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ በማግሥቱም ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ደጋግማችሁ አስባችሁ አስወጡት። የፈላ ውሃም ሆነ አልኮል አትጠቀሙ፤ አልኮል ቀፎውን ያሰነጥቀዋልና። የጫፉን ሽፋን መፍታት ካስፈለገ ሼላክ በሚባል ሙጫ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ በጠጉር ማድረቂያ ለብ አድርጋችሁ በእጅ ብቻ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። እንቢ ቢል እንደገና አሙቁት እንጂ ፒንሳ አታንሡ፤ የተሰበረ ሽፋን አይጠገንም።

ዕቃ የጐደለ እንደ ሆነ፣ ቀፎው የተሰበረ ሌላ ብዕር መግዛት ነጠላ ዕቃ ከመፈለግ የሚቀልበት ጊዜ አለ፤ ዓይነቱና መጠኑ አንድ ይሁን እንጂ ከአንዱ ጕዳት የሌላው ጤና ይገኛል። የነቀላችሁትንም አሮጌ ዕቃ አትጣሉ፤ አዲሱን በትክክል የምትመርጡት እርሱን ጐን ለጐን አስተያይታችሁ ነውና።