አዲስ ፍሪሲዮን ገብቶ መኪናው እምቢ ሲል

ፍሪሲዮን ያስለወጠ ሰው መኪናውን ከጋራዥ ሲያወጣ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ፔዳሉ ሲረገጥ እሺ ብሎ ወርዶ ማርሹ ሳይጮኽ እንዲገባለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚሆነው ሌላ ነው። አዲሱ ፍሪሲዮን ገብቶ፣ ገንዘቡም ተከፍሎ፣ መኪናው ከቀድሞው ይብስበታል። ባለቤቱ መካኒኩን ያማል፤ መካኒኩም ዕቃውን ያማል፤ ካምቢዮውም እንደ ገና ይወርዳል። እኛ የምንለው፣ ካምቢዮው ኹለተኛ ከመውረዱ በፊት ከውጭ መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ ነው።

ለዚህም ፖርሽ 944ን እንውሰድ። ይህ መኪና እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1982 እስከ 1991 ዓ.ም. በጀርመን አገር ሲሠራ የነበረ፣ ለፍጥነት የተሰናዳ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ክብደቱ ለፊትና ለኋላ እንዲካፈል ተብሎ ሞተሩ ከፊት፣ ካምቢዮው ከኋላ ተደርጓል፤ ኹለቱን የሚያገናኘውም በረዥም ቱቦ ውስጥ የሚዞር ዘንግ ነው። ፍሪሲዮኑ ግን ከሞተሩ ጋር ከፊት ቀርቷል። ስለዚህ እርሱ ዘንድ ለመድረስ የጭስ ማውጫው ይፈታል፣ ካምቢዮው ይወርዳል፣ ቱቦውም ወደ ኋላ ይሳባል። ለለመደ እጅ እንኳ ቀላል ሥራ አይደለም። ይህን ኹለት ጊዜ የሚያሠራ ሰው እንዴት እንደሚመረው አንባቢ ይገምተው።

የቀድሞው ዲስክ መካከሉ ላስቲክ ነበረ። ላስቲኩ የማርሹን መንቋቋት ለማለዘብ የገባ ሲሆን፣ ዕድሜ ሲጫነው ይበጣጠሳል። ብዙ ባለቤቶች ስለዚህ ሲለውጡ ባለ ሞላ ዲስክ ይመርጣሉ፤ እኛም ምርጫቸውን አንነቅፍም።

እንግዲህ ሥራው አልቆ መኪናው ጭራሹን አልነሳ ቢልስ? ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይቀጣጠልም። ይህን ያየ ሰው ፍሪሲዮኑን መጠርጠሩ አይቀርም፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። በቮላኖው አጠገብ ኹለት ሴንሰሮች አሉ። አንደኛው የቮላኖውን ጥርስ ይቈጥራል፤ ኹለተኛው ቮላኖው ላይ ያለችውን አንዲት ምልክት ይጠብቃል። ሶኬቶቻቸው ስለሚመሳሰሉ ሥራው ሲያልቅ ተለዋውጠው ቢሰኩ ሻማው እሳት አይሰጥም። ከቮላኖው ያላቸው ርቀትም 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ሰዓት ሞተሪኖው ሲዞር ንቅንቅ ካላለ፣ አስቀድሞ ወደነዚህ መመልከት ይገባል።

መኪናው ተነሥቶ ማርሽ አልገባ ሲል ደግሞ ሌላ ነው። ፔዳሉን ደጋግመው ቢረግጡትና ማርሹ ቢገባ፣ በዘይቱ መስመር ውስጥ አየር አለ፣ ወይም የላይኛው ፖምፓ ጎሚኒ ደክሟል ማለት ነው። በ944 ላይ አየሩን ማውጣት እጅግ የሚያስቸግር ስለ ሆነ፣ ወጥቷል ተብሎ ሳይወጣ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። የፍሪሲዮኑ ዘይት ከፍሬኑ ዘይት ጋር ከአንድ ዕቃ ስለሚቀዳ ዕቃው መጕደሉንም ማየት ነው። ያረጀ የላስቲክ ቱቦም ፔዳሉ ሲረገጥ እየተነፋ ኀይሉን ይበላል። አንድ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው ከታች ሆኖ የታችኛው ፖምፓ ሹካውን በደንብ ይገፋ እንደ ሆነ ይመልከት። (እነዚህን ስሞች ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቮላኖ እያልን የምንጠራቸው ከጣልያኖች ወርሰን ነው፤ ጀርመን የሠራውን መኪና በጣልያንኛ እየጠራን እንጠግናለን።)

ሹካው በሙሉ ተገፍቶ ማርሹ አሁንም ከጮኸ፣ ያን ጊዜ ማውረድ ግድ ነው። ዲስኩ ተገልብጦ ገብቶ ይሆናል፤ ወይም በቮላኖው መካከል ያለው ትንሹ ኩሽኔታ ዘንጉን ይዞት ይሆናል። መኪናው ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን የቮላኖው ፊት ሳይስተካከል መቅረቱን፣ ወይም በዘንጉ ጥርስ ላይ የተቀባው ግራሶ በዝቶ ዲስኩን መንካቱን መጠርጠር ነው። ይህን ያህል ተፈትቶ ሳለ የሞተሩን የኋላ ፓራኦሊዮ አብሮ ያላስለወጠ ሰው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ዘይት አዲሱን ዲስክ ሲያርስበት እንደ ገና ከጋራዡ በር ይቆማል።