አዳራሹን የሚያዘፍነው ባንጆ ተጫዋች

አሜሪካዊው ፒት ሲገር (1919–2014 እ.ኤ.አ.) በድምፁ ብቻ ቢመዘን ይህን ያህል ስም ባላተረፈ ነበር። ጥበቡ ያለው ከመዝፈን ይልቅ በማዘፈን ላይ ነው። አንገቱን ራሱ ባስረዘመው ባንጆ ምቱን ይይዛል፤ ቀጣዩን ስንኝ ከዜማው ቀድሞ በንግግር ይወረውራል፤ አዳራሹ ተቀብሎ ሲያዜመው እሱ ከላይ ሌላ ድምፅ ይደርባል። በእኛ ሠርግ ተቀባዩ አብዛኛውን ጊዜ አዝማቹን ይመልሳል፤ የሲገር ታዳሚ ግን ዘፈኑን በሙሉ ይረከበዋል።

ይህን ችሎታ ያጎለበተው፣ በእኔ ግምት፣ ሊያጠፋው የታሰበው እገዳ ነው። በ1950 የእሱ ቡድን ዊቨርስ “ጉድናይት አይሪን”ን ይዞ የሽያጭ ሰንጠረዡን ለ13 ሳምንታት መራ። ብዙም ሳይቆይ አባላቱ በኮሚኒስትነት ተወንጅለው ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ተገፉ (ሲገር በእርግጥ ቀደም ሲል የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበር)። ሲገር በ1955 ኮሚኒስቶችን ይመረምር በነበረው የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለ ፖለቲካ እምነቱ አልናገርም በማለቱ በ1961 የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በ1962 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። በእነዚያ ዓመታት እንጀራው ትምህርት ቤት፣ ኮሌጅና የልጆች የክረምት ካምፕ ነበር። ሕፃናት ለዝና ደንታ የላቸውም፤ ካላዘፈኗቸው ይበተናሉ።

ሁሉም የሚዘፍነው ዘፈን ተራ መሆኑ አይቀርም የሚሉ አሉ። ነገር ግን የሲገር ቅለት ለሌላው ቦታ የሚተው ቅለት ነው። ከሩሲያዊው ደራሲ ሾሎኮቭ ልቦለድ መነሻ ያገኘውን “ዌር ሃቭ ኦል ዘ ፍላወርስ ጎን” ሲጀምረው አጭር ነበር፤ በልጆች ካምፕ ይሠራ የነበረው ጆ ሂከርሰን ስንኝ ጨምሮ ዛሬ የሚታወቀውን ቅርጽ ሰጠው። የ“ተርን! ተርን! ተርን!” ግጥምም ከሞላ ጎደል የመጽሐፈ መክብብ ነው።

ከባዱ ትችት ሌላ ነው። ዊቨርስ “ዊሞዌ” ብለው የተጫወቱት ደቡብ አፍሪካዊው ሰለሞን ሊንዳ በ1939 ያስቀረጸውን “ምቡቤ” ነበር፤ ሊንዳ በ1962 በድህነት ሞተ። ሲገር አንድ ሺህ ዶላር ልኮለት ነበር፤ ዘፈኑ ካስገባው ገንዘብ አንጻር ይህ ምንም አይደለም። ዘፈን የጋራ ነው የሚለው እምነት መድረክ ላይ ያምራል፤ የአሳታሚ ውል ውስጥ ሲገባ ግን ባለቤቱን ያስረሳል። ይህን ነቀፋ ሲገርን የምንወድም ልናስተባብል አንችልም።

ድምፁ በእርጅና ሲደክም ስልቱ አልደከመም። በጥር 2009፣ በ89 ዓመቱ፣ ከዘፋኙ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ጋር በሊንከን መታሰቢያ ሲቆም የዉዲ ገትሪን “ዚስ ላንድ ኢዝ ዩር ላንድ” እየቀደመ ለሕዝቡ አቀበለ፤ ስለ ግል ንብረት አጥርና ስለ ረሃብተኞች የሚናገሩትን፣ ብዙዎች የሚዘሏቸውን ስንኞች ጭምር።