ዊንጌትና የአማርኛ ጸሐፊዎቹ

በአዲስ አበባ በጳውሎስ ሆስፒታል በኩል የሚያልፍ የታክሲ ረዳት «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያለ ሲጣራ የሚሰማ ሁሉ የሰፈር ስም ይመስለዋል። ሰፈሩ ግን ስሙን የወሰደው ከትምህርት ቤቱ ነው። ጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 ተከፈተ። የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1941 የ«ጌዴዎን ጦር»ን እየመራ በጎጃም በኩል ጣልያንን በወጋው በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፤ የብሪቲሽ ካውንስል እጅ ነበረበት፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነበር።

የቀድሞ ተማሪዎቹ ሲነሡ ሰው ቀድሞ የሚጠራው መለስ ዜናዊን ነው። ከዐድዋ መጥተው እዚያ ተምረዋል፤ ይህን የማያውቅ ስለሌለ አልፈዋለሁ። የሚቆጨኝ የአማርኛ ጸሐፊዎቹ መረሳታቸው ነው።

ብዙ ሰው እንግሊዝኛና አማርኛ በአንድ ልጅ አፍ ውስጥ አብረው አያድሩም ብሎ ያምናል። አንዱ «የፈረንጅ ትምህርት ቤት ቋንቋችንን ገደለው» ይላል። ሌላው እንግሊዝኛው እንዲጠራለት ብሎ በቤቱ አማርኛ ይከለክላል። በቅርቡ አንድ ትንሽ ልጅ በአማርኛ «እንደምን ዋልክ» ቢለኝ እናቱ ከአፉ ነጥቀው «በእንግሊዝኛ በል!» ብለው ተቆጡት። ልጁ ዝም አለ፤ በሁለቱም ቋንቋ። ለእኚህ እናትም ሆነ ለዚያኛው ወቃሽ ያለኝ መልስ አንድ ነው፦ ዊንጌት።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን እዚያ ተምሯል። በልጅነቱ ቅኔ ቀምሶ፣ ገና አምቦ ሳለ የንጉሥ ዲዮኒሲዮስን ቴአትር ጽፎ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት አሳይቶ ነው አዲስ አበባ የገባው። ስለዚህ ዊንጌት ጸጋዬን ደራሲ አደረገው አልልም። ከዊንጌት በኋላም ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገብቷል። ግን እንግሊዝኛው ምን ወሰደበት? እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝኛ የጻፈው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለ ቴአትር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። በዚያው እጁ «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ መለሰ። ስንኙን በስምንት በስምንት ቀለም እየሰካ የገጠመበት ስልት ዛሬ «የጸጋዬ ቤት» ይባላል፤ በዚያ ልክ ለመግጠም የሞከረ ሰው ልፋቱን ያውቀዋል። እንግሊዝኛ አማርኛን የሚያቀጥን ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በፊት የእሱ ይቀጥን ነበር።

ገብረ ክርስቶስ ደስታም በዊንጌት አልፏል። የሐረር ልጅ ነው፤ አባቱ የብራና ጸሐፊ ነበሩ፤ እሱ ጀርመን ሄዶ ሥዕል አጠና፤ ስለ አገር ናፍቆት የጻፈው «ሀገሬ» ደግሞ በብዙ ሰው ቃል ተይዟል። ሰሎሞን ደሬሳም የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ነው። በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት»ን ሲያወጣ የአማርኛ ግጥም ከለመደው ልክ ወጣ፤ ያኔ የተነሣው ክርክር እስካሁን አልበረደም።

በዓሉ ግርማም ከኢሉባቦር መጥቶ በዊንጌት ተምሯል። የእንግሊዝኛው «አዲስ ሪፖርተር» አዘጋጅ ነበር፤ «አዲስ ዘመን»ንም መርቷል። «ከአድማስ ባሻገር»ንና «ኦሮማይ»ን ያነበበ ሰው በዓሉ ንግግር ሲጽፍ ያስተውል፤ ቢሮ ውስጥ የሚሰማው የአዲስ አበባ አማርኛ እንዳለ ገጹ ላይ ነው፤ ያልተኳለ፣ አጭር፣ ቶሎ የሚመልስ።

አራቱም አማርኛውን ይዘው ነው የገቡት፤ አንዱ ከቅኔ፣ አንዱ ከብራና ቤት። ትምህርት ቤቱ የጨመረላቸው ሌላ ጆሮ ነው። የሰማነውን በሌላ ቋንቋ ከሰማነው ጋር ማስተያየት ስንጀምር የራሳችን ቋንቋ የቱ ጋ እንደሚጠብቅ፣ የቱ ጋ እንደሚላላ ይታየናል። ይህ ግን የሚሠራው መጀመሪያ የራሱን ቋንቋ ይዞ ለገባ ልጅ ነው፤ ቤቱ ውስጥ አማርኛ የተከለከለ ልጅ የሚያስተያየው ነገር የለውም።

ዛሬ ግቢው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ፣ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ብየዳውም ማሽኑም ያስፈልገናልና አልነቅፍም። በዊንጌት ያለፋችሁ ግን፣ የእነዚህ ጸሐፊዎች ትምህርት ቤት ታሪክ እንዳይጠፋ፣ በሣጥን ውስጥ የቀረ የትምህርት ቤት ደብተር፣ ፎቶግራፍ ወይም የተማሪ ድርሰት ካላችሁ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ውሰዱት።