ሲምባሉ እየተመታ ጎረቤት እንዲተኛ

የአዲስ አበባን ምዕራብ የማያውቅ እንግዳ በታክሲ ውስጥ «ዓለም ባንክ ወራጅ አለ!» ሲባል ቢሰማ፣ ገንዘብ ሊያወጣ የሚሄድ መንገደኛ ያለ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሰፈሩ ስሙን የወረሰው በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተሠሩ መኖሪያ ቤቶች ሲሆን፣ ዛሬ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤናና ከቤቴል ወዲህ ወዲያ ሳይርቅ የሚገኝ ሕዝብ የበዛበት ሰፈር ነው። በብዙ ግቢዎች ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ የሚባሉት ክፍሎች ተደርድረው ይከራያሉ። በሁለት ተከራዮች መካከል ያለው ግድግዳ አንድ በመሆኑ፣ ወዲህኛው ሲያስነጥስ ወዲያኛው «ይማርህ» ለማለት ከአልጋው መነሣት አያስፈልገውም።

እንግዲህ ከእነዚህ ክፍሎች በአንዱ ድራም መቺ ቢገባበት ምን ይሆናል? ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ ያሰብነው ይህንኑ ነው።

የጎበኘነው ወጣት ማታ ማታ ከባንድ ጋር እየተጫወተ የሚተዳደር ሲሆን፣ ቀን ቀን እጁ እንዳይፈታ ይለማመዳል። ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ደግሞ ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ ስለ ሆነች የምትተኛው ከረፋዱ ጀምሮ ነው። እርሱ የሚለማመድበትና እርስዋ የምትተኛበት ሰዓት አንድ ሆነ ማለት ነው፤ ለሁለቱም እንጀራ ነው። ማን ተሳሳተ ብለን ለመፍረድ እኛ አልቻልንም፤ አከራያቸው ግን ችለዋል።

«ልጄ፣ ሙያህን አልጠላሁም። ይህች ልጅ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሰው ነፍስ ስትጠብቅ አድራ ነው የምትመጣው። ወይ ዝም የሚል ከበሮ ፈልግ፣ ወይ ወር ሲሞላ ክፍሉን ልቀቅልኝ» አሉት። ወሩ ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።

እትዬ ይህን የተናገሩት በቁጣ ይሁን እንጂ፣ ዝም የሚል ከበሮ በእርግጥ በዓለም ላይ አለ። ከበሮውን ዝም ማሰኘት ያን ያህል አያስቸግርም፤ ቆዳውን አንሥቶ በምትኩ እንደ ወንፊት የተሠራ መረብ መወጠር ነው። አስቸጋሪው ሲምባሉ ነው።

ሲምባል ማለት ከድራሙ በላይ በብረት ቋሚ ላይ ተቀምጦ በዱላ የሚመታው የነሐስ ሳህን ነው። (በመዝሙረ ዳዊት 150 ላይ ሌሎች ሕዝቦች ሲምባል ብለው የሚያነቡትን የአማርኛው መጽሐፍ ጸናጽል ይለዋል፤ በካህናቱ እጅ የምናየው ጸናጽል ግን የሚንሿሿ እንጂ የሚመታ ሳህን ስላልሆነ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም ዕቃው ሌላ ነው።) ጥሩ የሚባለው ሲምባል ከመቶው 80 እጁ መዳብ፣ 20 እጁ ቆርቆሮ ነው። ይህን ያህል ቆርቆሮ የገባበት ነሐስ በቶሎ የሚሰበር ሲሆን፣ ሳይሰበር የሚያስተጋባ አድርጎ መሥራትን እ.ኤ.አ. በ1618 በቁስጥንጥንያ ያገኘው አቬዲስ የተባለ አርመናዊ ነው ይባላል። ሱልጣኑም ዚልጂያን የሚል ስም ሰጡት፤ «ዚል» በቱርክኛ ሲምባል ማለት ነው። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ፋብሪካ ከፍቶ ሥራውን እስከ ዛሬ አልተወም። እኛንም ከአርመኖች ጋር የሙዚቃ ነገር አገናኝቶናል፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን አርባ የአርመን ልጆች በባንድ የመራው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከእርሱም በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን፣ ለዘመናዊ ሙዚቃችን ብዙ ደክመዋል።

ወደ ሰርቪሱ ክፍል እንመለስ። ያ የተደነቀው ነሐስ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሲመታ ከ100 ዴሲቤል ሊበልጥ ይችላል፤ የሥራ ጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሰው ስምንት ሰዓት ሙሉ ከ85 ዴሲቤል በላይ እንዳይሰማ ይመክራሉ። በዚህ ላይ ከበሮ ተመትቶ ወዲያው ዝም ሲል ሲምባል ብዙ ሰኮንድ ይጮኻል። ይህ ረጅም ጩኸት ለጆሮ ጌጥ ቢሆንም፣ በኋላ እንደምናየው ለኤሌክትሪክ ጠላት ነው።

ወጣቱ የምሕንድስና ተማሪ የሆነ ጓደኛ አለው። ሁለቱ የመረጡት መንገድ ፒዬዞ በተባለ ትንሽ ዕቃ መጠቀም ነው። ነገሩ የተመሠረተው ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 ባስታወቁት ጠባይ ላይ ነው። ይኸውም ኳርትዝን የመሳሰሉ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጧቸው መጠናቸው ይለዋወጣል፤ በፍጥነት ሲለዋወጡም ይጮኻሉ። ፒዬዞ የሚለውም ቃል «መጫን» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ዛሬ ሳንቲም በሚያህል የናስ ዝርግ ላይ ነጭ ሸክላ ተለጥፎበት ይሸጣል፤ በልጆች መጫወቻና በሰዓት ውስጥም ይገኛል። ወጣቱ የመጀመሪያዋን ያወጣት ከተበላሸ የማንቂያ ሰዓት ነው። ሰው ለመቀስቀስ የተሠራች ዕቃ ሰው እንዲተኛ መዋልዋ አስቆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በክራር ላይ የሚገጠመውን ፒካፕ ያየ አንባቢ የሲምባሉም እንደዚያው ይመስለው ይሆናል። የክራሩ ፒካፕ የክራሩን የራሱን ድምፅ አንሥቶ ለማጉያው ይሰጣል። ለሲምባልም እንዲህ ያለ ተሠርቶ ያውቃል፤ ይኸው የዚልጂያን ቤት ከ2010 ወዲህ ባሉት የአውሮፓውያን ዓመታት፣ ድምፁ እንዲቀንስ ቀዳዳ በበዛበት ሲምባል ሥር ፒካፕ የተገጠመለት ዕቃ ለገበያ አቅርቦ ነበር። የዓለም ባንኩ ፒዬዞ ግን ድምፅ አይሰማም። የሚያውቀው መመታቱንና የምቱን ብርታት ብቻ ነው። ይህንኑ ለኮምፒዩተር ይነግራል፤ ኮምፒዩተሩም አስቀድሞ ከተቀረጸ የእውነተኛ ሲምባል ድምፅ ውስጥ ለምቱ የሚስማማውን መርጦ በጆሮ ማዳመጫ ያሰማል።

በመካከሉ የሚቀመጠው አርዱዊኖ የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢቭሬያ በምትባል የኢጣልያ ከተማ ለተማሪዎች ታስቦ የተሠራ ትንሽ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ከ5 ቮልት በላይ አይችልም፤ በኃይል የተመታ ፒዬዞ ግን ለቅጽበት ብዙ አሥር ቮልት ሊተፋ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ከፒዬዞው ጎን የ1 ሚሊዮን ኦም መቋቋሚያና ከ5 ቮልት የሚተርፈውን የሚያፈስ ዜነር ዳዮድ አስገባ። ይህን ሳያደርጉ የሚሞክሩ ተማሪዎች ሰሌዳቸውን እንደሚያቃጥሉ ከወዲሁ እንነግራቸዋለን። ሽቦውን በሸክላው ላይ ሲበይዱም እጅ ማፍጠን ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ሸክላው ጠባዩን ያጣል።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም። ፒዬዞዋን በባዶው ነሐስ ሥር ለጠፏትና አንድ ጊዜ መቱ፤ ኮምፒዩተሩ አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠረ። ነሐሱ ብዙ ሰኮንድ ስለሚርገበገብ እያንዳንዱ እርግብግቢት አዲስ ምት መስሎ ታየው። ግቢውም እንደ ቀድሞው ጮኸ። ስለዚህ ደኅናውን ሲምባል ወደ ማኅደሩ መልሰው፣ ተሰንጥቆ የተጣለ አሮጌ ሲምባል አመጡና ፊቱን በወፍራም የጎማ ምንጣፍ አለበሱት። ነሐሱ በጎማ ታፍኖ «ጥፍ» ከማለት በቀር ድምፅ አልነበረውም፤ ሲመታ መወዛወዙ ግን አልቀረም። ዱላ ለለመደ እጅ ይህ መወዛወዝ ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ፒዬዞዋ የት ትቀመጥ የሚል ነው። ዱላው ከሚያርፍበት ትይዩ ስትሆን እዚያ ቦታ ላይ ቀስ ያለው ምት እንደ ነጎድጓድ ይሰማል፤ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ሲሉ ደግሞ ይጠፋል። በጠርዙ ላይ ስትሆን የመወዛወዙ ብዛት ያታልላታል። ከብዙ መለጠፍና መንቀል በኋላ በመካከለኛው ጉብታ አጠገብ፣ ከመቺው በተቃራኒ ወገን ተቀመጠች፤ የያዛትም ሁለት ፊቱ የሚለጠፍ፣ መካከሉ ስፖንጅ የሆነ ፕላስተር ነው። ሲምባሉ ሲመታ ስለሚዞር ሽቦው እንዳይጠመጠም በቋሚው ላይ ማገጃ አደረጉ፤ ሽቦውንም ጥቂት አላልተው አሰሩት። ያልታሰረ ሽቦ ነሐሱን እየጠፈጠፈ የሌለ ምት ይፈጥራልና።

ከሁሉ ያስገረመን ግን በሦስተኛው ቀን የሆነው ነው። ማንም ሳይነካው ሲምባሉ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ በየጊዜው «ጥሽ» ይል ጀመር። ጠብቀን ብናስተውል በእትዬ ቤት ፍሪጁ በተነሣ ቁጥር ሆነ! የፒዬዞ ኤሌክትሪክ ደካማ በመሆኑ፣ ረጅሙና ልብስ የሌለው ሽቦ ከግድግዳው መሥመር የሚወጣውን ሁከት እንደ አንቴና ይሰበስብ ነበር። ሽቦው በማይክሮፎን ገመድ፣ ማለት ዙሪያውን በመረብ በተሸፈነ ገመድ ሲለወጥና ሲያጥር ሁከቱ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ኮምፒዩተሩን መቼ እንዳይሰማ ማስተማር ነው። የመጀመሪያው ቁጥር «ደፍ» ሊባል ይችላል፤ ከደፉ በታች የሆነ ንዝረት ወደ ቤት አይገባም። ደፉ ከፍ ሲል ቀስ ያሉት ምቶች ደጅ ይቀራሉ፤ ዝቅ ሲል የጎረቤት የበር መዝጋት ሳይቀር ይገባል። ሁለተኛው ቁጥር ምቱ ከተጀመረ በኋላ ብርታቱን ለመለካት የሚጠበቅበት ጊዜ ሲሆን ሁለት ወይም ሦስት ሺኛ ሰኮንድ ይበቃዋል። ሦስተኛው ጆሮ የሚደፈንበት ጊዜ ነው፤ አንድ ምት ከተቆጠረ በኋላ ለ30 ሺኛ ሰኮንድ የመጣውን ሁሉ አትስማ ይባላል። አሥራ አንዱን ምት አንድ ያደረገው ይህ ነው። መቺው ፈጣን ምቶች ይጠፉብኛል ብሎ ሰግቶ ነበር፤ ነገር ግን በሰኮንድ ከሠላሳ ጊዜ በላይ የሚመታ እጅ እኛ አላየንም።

መዘግየትም ነበረ። ዱላው ከወረደ በኋላ ድምፁ አርፍዶ ሲመጣ መቺው በራሱ ላይ እምነት ያጣል። ኮምፒዩተሩ ድምፁን በ1024 ናሙና እየጠቀለለ ይልክ ስለ ነበር፣ ለዚህ ብቻ 23 ሺኛ ሰኮንድ ይወስድ ነበር፤ ጥቅሉ ወደ 128 ሲወርድ ሦስት ያህል ሆነ። ከአሥር ሺኛ ሰኮንድ በታች ከሆነ ብዙ ሰው አይታወቀውም። ድምፅ ራሱ በአየር ላይ በዚህ ጊዜ የሚሄደው ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ነውና፣ ከሲምባሉ ጥቂት ራቅ ብሎ እንደ መቆም ይቆጠራል።

ሲምባል ተመትቶ በእጅ ሲያዝም ዝም ማለት አለበት። ለዚህ በጠርዙ ሥር፣ በጎማውና በነሐሱ መካከል፣ በስስ ስፖንጅ የተለያዩ ሁለት የአሉሚኒየም ጥብጣቦች አኖሩ፤ እጅ ሲጨብጣቸው ይገናኛሉ፤ ኮምፒዩተሩም ድምፁን ይቆርጣል። ይህ ያለ አንዳች ጣጣ ሠራ።

ያልሠራው ሃይ ሃት ነው። ሃይ ሃት በእግር ተረግጠው የሚገጥሙ ሁለት ሲምባሎች ሲሆኑ፣ ሥራቸው መከፈትና መዘጋት ብቻ አይደለም፤ በመካከሉ እንደ ሹክሹክታ ያሉ ብዙ ደረጃዎች አሉ። በመርገጫው ሥር የእግርን ግፊት የሚለካ ዕቃ ቢገባም፣ ወጣቱ ችክችካ ሲመታ የሚፈልገውን ያቺን ግማሽ ክፍት ድምፅ አላገኛትም። እኛም ቅሬታው እውነት መሆኑን ሰምተን አረጋግጠናል። በሌላውም አገር ቢሆን ሲምባል ኋላ ቀርቶ የተከተለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የእንግሊዙ ሲመንስ ባለ ስድስት ማዕዘኑን የኤሌክትሪክ ድራም ሲያወጣ ብዙ መቺዎች ከጎኑ እውነተኛውን ነሐስ አቁመው ይጫወቱ ነበር። በ1997 የጃፓኑ ሮላንድ ባለ መረቡን ድራም ሲያመጣ ነገሩ ብዙ ተሻሻለ። ለልምምድ ይበቃል፤ ለመድረክ ግን ወጣታችን ነሐሱን አይተውም፤ አይተውም ብለን እኛም እንደግፈዋለን።

በዘጠነኛው ቀን ፈተና ሆነ። ነርስዋ ተኝታ ሳለ ወጣቱ ከረፋዱ እስከ እኩለ ቀን መታ፤ እትዬም በረንዳ ላይ ቡና እየለቀሙ አዳመጡ። ከሰዓት በኋላ ነርስዋ ፊትዋን ታጥባ ወጣችና፣

«ወንድሜ፣ ድግስ አለባችሁ እንዴ? ጥፍ ጥፍ የሚል ነገር ሰምቼ ሽንኩርት የምትከትፉ መስሎኝ ነበር» አለች።

ገብታ እንድትሞክረው ጋበዝናት። ማዳመጫውን አድርጋ በጎማው ላይ አንድ ጊዜ መታችና ደነገጠች፤ ወዲያው ጠርዙን በሁለት እጅዋ ያዘች። ዝም አለ። ደግማ መታች።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል አለችው፤ ትልቁ ከበሮ በእግር ሲመታ ድምፁ ባይሰማም ወለሉ በአልጋዋ እግር በኩል ይነግራታል። ተማሪው ለዚህ በቴኒስ ኳሶች ላይ ጣውላ አጋድሞ መርገጫውን በዚያ ላይ ማስቀመጥ እንደሚረዳ አንብቦ ኖሮ፣ ኳሶቹን ፍለጋ ወጣ። እስከ ቅዳሜ እጅ ብቻ እንዲሠራ ተስማሙ። ወሩ ሲሞላ እትዬ ኪራዩን ተቀበሉ፤ ስለ መልቀቅ ግን ያነሣ አልነበረም።