ከባድ የሥራ መኪናን ሳይሰበር ስለ ማጓጓዝ

የብረት ቶርኖ ማለት ብረትን እያዞረ የሚቀርጽ የሥራ መኪና ነው። በየአውራጃው የእጅ ሥራ ትምህርት ሲስፋፋ ይህን መኪና ከከተማ ተረክቦ ወደ ሩቅ ወረዳ ማድረስ የመምህሩና የአገሩ ሽማግሌዎች ሥራ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሾፌሩ መንገዱን ያውቃል፤ የጭነቱን ጠባይ ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ስለዚህ ጠባዩን አስቀድሞ መረዳት ይገባል።

የመካከለኛ ቶርኖ ክብደት ከ15 እስከ 20 ኩንታል ይደርሳል። ይህም ክብደት በአካሉ ሁሉ እኩል የተከፈለ አይደለም፤ ማርሾቹ ያሉበት የግራው ጫፍ ከቀኙ ይልቅ እጅግ ይከብዳል። ቁመቱ ረዘም እግሩ ጠበብ ያለ ስለ ሆነም ጥቂት ቢያዘነብል ይገለበጣል። ዳግመኛም አልጋው ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው። ማረሻ ቢጎብጥ ቀጥቃጭ ያቀናዋል፤ እንዲህ ያለው ብረት ግን ሳይጎብጥ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል፤ ቢበየድ እንኳ የቀድሞ ልኩን ለማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ረጅሙን መንገድ ነው። ይልቁንስ ሊፈራ የሚገባው ቶርኖው ከቤት ወጥቶ ካሚዮን ላይ እስኪወጣ፣ ኋላም ወርዶ ቤት እስኪገባ ያለው ጥቂት እርምጃ ነው። መኪናው የሚወድቀው፣ የሰውም እግር የሚቀጠቀጠው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ይህ ለሎሚ እውነት ነው፤ ሎሚ ይከፋፈላልና። ቶርኖ ግን አይከፋፈልም። ሃያ ጎበዝ ቢይዘው መሬቱ ወጣ ገባ በሆነ ጊዜ ሸክሙ በሦስት ወይም በአራት ሰው ላይ ብቻ ይወድቃል። ስለዚህ በሰው ብዛት ሳይሆን በዘዴ ይነሣል። ርዝመቱ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዲጂኖ ከጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ጠንካራ እንጨት ቢደገፍለት የሰውን ኀይል 14 እጥፍ ያደርገዋል፤ 40 ኪሎ የሚጫን ሰው 560 ኪሎ ያነሣል ማለት ነው። (ይህን ሒሳብ ለተማሪዎች በክፍል ማሳየት መልካም ነው።) ቶርኖው ጣት ያህል ከፍ ባለ ቁጥር ወዲያው እንጨት ይግባበት፤ እንጨቱም በዘንግ ይገፋል እንጂ እጅ ከሥር አይገባም። ከዚያ በኋላ ሁለት ወፍራም ሞራሌ ከእግሮቹ ሥር በቡሎን ይታሰራል፤ ከሞራሌውም በታች የውኃ ቱቦ ቁራጮች ተጋድመው በእነዚያ ላይ እየተንከባለለ ይሄዳል።

ትእዛዝ የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። በደቦ የመጣ ሰው ሁሉ ሲጮህ የሚሰማ አይኖርም። ቶርኖው ቢያዘነብል ማንም በትከሻው ላቁመው አይበል፤ ሁሉም ይሽሽ። ይህን ሥራው ሳይጀመር ለጎበዞቹ የሚነግሩ ሽማግሌዎቹ ቢሆኑ ይሻላል፤ ጎበዝ መሸሽን እንደ ነውር ይቆጥራልና።

የመሬት መዘጋጀት ምን ያህል እንደሚረዳ ከታሪካችን እናያለን። ዓፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ ብዙ ወራት የፈጀው ገደሉ እየተናደ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ በፊቱ መንገድ ይሠራለት ስለ ነበረ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ይሠሩ ነበር። መድፉም ዛሬ በመቅደላ አምባ ይገኛል። ለቶርኖ ይህን ያህል አያስፈልግም። ማንሻ ክሬን በሌለበት ወረዳ ከካሚዮኑ ወለል ጋር የሚስተካከል ጉብታ ፈልጎ ፊቱን አቅንቶ መቁረጥ፣ ካሚዮኑንም ወደ ኋላ አስጠግቶ ጎማውን በድንጋይ መደገፍ ነው፤ በመካከሉም ወፍራም ጣውላ ይነጠፋል። ቁልቁል ማውረድ ግድ ከሆነ ገመዱ በጠንካራ ዛፍ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ቀስ እያለ ይለቀቅ፤ ከቶርኖው በታች ሰው አይቁም።

በካሚዮኑ ላይ ከባዱ ጫፍ ወደ ሾፌሩ ሆኖ መካከሉን ይይዛል። ከሞራሌው ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ቢነጠፍ መንሸራተትን ይከለክላል። ፍሬን በድንገት ሲያዝ ጭነት ከክብደቱ 10 እጅ 8ቱን በሚያህል ኀይል ወደ ፊት፣ በጠመዝማዛ መንገድም 5ቱን በሚያህል ወደ ጎን እንደሚገፋ ተቆጥሮ ይታሰራል። ባለ 20 ኩንታሉ ቶርኖ በ16 ኩንታል ኀይል ወደ ሾፌሩ ይገፋል ማለት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ያየ ሰው ይህን ሒሳብ አይንቅም። ስለዚህ ሰንሰለቱ ከአራቱ ማዕዘን ወደ ታች ይወጠር፤ ሰንሰለት በአልጋው ላይ እንጂ በሚዞሩት ዘንጎች ላይ ከቶ አይታሰር፤ ይጎብጣሉና። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተሄደ ቆሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል። የሚያበሩት ፊቶች ሁሉ ግራሶ ተቀብተው በሸራ ይሸፈኑ።

ከደረሰም በኋላ ወዲያው ማስነሣት አይገባም። አቧራው ከግራሶው ጋር ተጠርጎ፣ ቡሎኖቹ ተጠብቀው፣ በእጅ አዙሮ መፈተሽ ይቀድማል። አልጋው በሁለቱም ጫፍ በውኃ ልክ ይለካ፤ ጥቂት እንኳ ተጠማዞ ቢተከል የሚቀረጸው ብረት አንዱ ጫፍ ወፍሮ ሌላው ቀጥኖ ይወጣል። የኤሌክትሪኩ ሽቦ ተለዋውጦ ቢገጠም ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ በጥርስ የተጠመዘዘ የብረት መያዣ ያለው ቶርኖ ከሆነ ያን ጊዜ መያዣው ተፈትቶ ይወረወራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መያዣው ወልቆ ባዶውን ይዙር፤ ተማሪዎቹም ከበር ውጭ ይቆዩ።