ዝናቡን የሚቆጥረው ማን ነው?

አገር ቤት ስትደውሉ ከጤና ቀጥሎ የሚነሳው ወሬ ምንድን ነው? «ዝናቡ ገባ ወይስ ዘገየ?» አይደል? ይህን በቁጥር መመለስ ግን ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው።

በኢትዮጵያ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች በአብዛኛው ያሉት ከተማ ውስጥና ዋና መንገድ ዳር ነው። ገበሬው ደግሞ ከመንገዱ ርቆ ነው የሚያርሰው። በተራራማ አገር አንዱ ቀበሌ ዶፍ ሲወርድበት ጎረቤቱ ጠብ ሳይልለት ሊውል ይችላል። «ሳተላይት አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል። አለ፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው የደመናውን አናት ነው። አናቱ በጣም ከቀዘቀዘ «ዘንቧል» ብሎ ይገምታል። ቀዝቃዛ ደመና ሁሉ ግን አያዘንብም፤ ተራራ ላይ ያን ያህል ያልቀዘቀዘውም ያዘንባል።

ስህተቱ ሰው ቤት ይገባል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ትግራይ ውስጥ በዓዲ ሓ 200 አባወራዎች ለጤፋቸው የድርቅ ኢንሹራንስ ገቡ፤ ገንዘብ ያጠረው በጉልበቱ ሠርቶ ይከፍል ነበር። ካሳው የሚወሰነው ማሳው ታይቶ ሳይሆን በሳተላይት የዝናብ ልኬት ነበር። በ2012 በክልሉ ከ12,000 በላይ ገበሬዎች ተከፍሏቸዋል። ሳተላይቱ ያልዘነበውን «ዘንቧል» ቢልስ? ጤፉም ካሳውም ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ሰማዩን ከመሬቱ ጋር ማስታረቅ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ቱፋ ዲንቁ በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሆነው የደከሙበት ሥራ ይኸው ነው፤ የሳተላይቱን ግምት በጣቢያዎች ልኬት ማረም። ግን ጣቢያ ከሌለ በምን ይታረማል?

ታህሞ የሚባለው ፕሮጀክት ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በየ30 ኪሎ ሜትሩ አንድ፣ በጠቅላላው 20,000 አነስተኛ ጣቢያዎች ለመትከል የተነሳ ነው። እስካሁን የተተከሉት ገና በመቶዎች ነው የሚቆጠሩት። በፀሐይ ኃይል ይሠራሉ፣ ልኬታቸውን በሞባይል ኔትወርክ ይልካሉ። የሚሽከረከር ነገር ስለሌላቸው አቧራና ነፍሳት ቶሎ አያበላሿቸውም። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ለእኔ ከሁሉም ብልህ የሆነው ሐሳብ ይህ ነው። ዘበኛም ተማሪም አብሮ ተገኘ!

ልጆች፣ እናንተም መለካት ትችላላችሁ። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከግድግዳ ርቆ ይቀመጥ። ዝናቡ ሲያባራ ውሃውን በማስመሪያ ለኩ። 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ወርዷል ማለት ነው። ከዚያ ለአያታችሁ ደውሉና «እኛ ጋ 6 ሚሊ ሜትር ዘነበ፤ እናንተ ጋስ?» በሏቸው።